የተተረተረ ክር፤ ድኾችም ነገሥታትም የቀለም ክርን ከየት ያገኙ እንደ ነበረ

ስለ ክር መጻፍ ለዚህ ገጽ ትንሽ ነገር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከመቅደሱ መጋረጃ ጀምሮ በጥምቀቱ ቀን በሕፃኑ አንገት እስከሚታሰረው ማተብ ድረስ፥ ከካህኑ ካባ እስከ ሟቹ መግነዝ ድረስ ክር ያልገባበት ነገር ማግኘት ያስቸግራል። መጽሐፍ እንኳ ጥራዙ በክር የተያዘ ነው። ክር ሲበጠስ ብራናው ይበተናል፥ ብራናው ሲበተንም ሊቁ ጥቅሱን ፍለጋ ይንከራተታል። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ መሆኑን አልክድም፤ የማይጠቅም ነው የሚለውን ግን አልቀበልም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአንድ ደብር የተነሣ ክርክር ነው። በደብሩ የሚያገለግሉ እናቶች ለአትሮንሱ ልብስ በዳንቴል ሊሠሩለት አሰቡ። ለክሩ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ከየቤታቸው ያረጀ ሹራብ አመጡ፥ ከሰልባጅ ገበያም ጥቂት በርካሽ ገዝተው ጨመሩበት፤ ይህንም ሁሉ ተርትረው፥ ክሩን አጥበውና አቅንተው፥ በልቃቂት ጠቅልለው ሥራውን ጀመሩ። እስከ እኩሌታው የደረሰውን ላየ ሰው ሥራቸው ያማረ ነበር። አንድ የተከበሩ አባት ግን ነገሩን ሰምተው፥ ሰው የለበሰው ልብስ ተተርትሮ ለቤተ እግዚአብሔር አይቀርብም፥ የእግዚአብሔር ገንዘብ ከአዲስ ሊሆን ይገባል ብለው ከለከሉ። እናቶቹም አዝነው ሥራውን በቅርጫት ከተው አስቀመጡት። የአባታችን አሳብ ለቤተ መቅደስ ካላቸው ክብር የመጣ እንጂ ከሌላ አይደለምና በቃል ከመሟገት ይልቅ፥ አባቶቻችንና ሌሎችም ሕዝቦች ክርን በተለይም የቀለም ክርን ከየት ያገኙ እንደ ነበረ ከታሪክ መመልከት ይሻላል ብዬ አሰብሁ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ እለያለሁ።)

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፥ በአገራችን ክር ለብዙ ዘመን የሚገዛ ነገር አለመሆኑ ነው። የሚፈተል ነገር ነበረ እንጂ። ጥጥ በእኛ ዘንድ የቆየ ሀብት ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው ምዕት ዓመት ወደ ኖባ ዘምቶ ስላደረገው ድል ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፥ ካጠፋው የጠላት ሀብት መካከል ከእህሉ ጋር የተከማቸውን ጥጥ ይቈጥራል። ንጉሥ በድል ጽሑፉ ላይ እህልንና ጥጥን አስተካክሎ ማስቀረጹ፥ ጥጥ በዚያ ዘመን እንደ ምግብ ያህል የሚቈጠር ሀብት እንደ ነበረ ያስረዳል።

ጥጡ ከቈላ ይመጣል፤ ቀሪው ሥራ የሴቶች ነው። ፍሬው እንዲወጣለት ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ሲባዘትም እንደ ደመና የሳሳ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶውም በአመልማሎ ይጠቀለላል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። እንዝርት ከእንጨት የተሠራች፥ ከታች ክብደት ያላት ትንሽ ዕቃ ናት፤ ነገር ግን ከአክሱም እስከ ጎንደር፥ ከጎንደር እስከ እንጦጦ ሕዝቡን ያለበሰች እርስዋ ናት። ሴቲቱ ከወፍጮና ከወጥ፥ ከውኃ መቅዳትና ከልጅ ማሳደግ የተረፈችዋን ጊዜ በእንዝርት ላይ ታውላለች፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ማታ በእሳት ብርሃን ነው። ሰንበትና ዓመት በዓል ሲሆን ግን እንዝርትዋን ታኖራለች። አንዳንድ ሰው የበዓላትን ብዛት ሲነቅፍ እሰማለሁ፤ ነቃፊው የፈታይ ሴት ክንድ ቢኖረው ኖሮ ምን ይል እንደ ነበረ እንጃ።

ፈትሉ ከተጠራቀመ በኋላ ባለቤቱ ወደ ሸማኔ ይወስደዋል። ለሸማኔው የሚከፈለው የእጁ ዋጋ ነው፤ ክሩ ከቤት የመጣ ነውና ዋጋ አይወጣለትም። ከዚህ የተነሣ «ክሩ በነፃ ነው፥ የምንከፍለው ለሽመናው ብቻ ነው» ማለት የተለመደ ሆነ። ይህ አነጋገር ግን ሲመረመር ልክ አይደለም። ሸማኔው በጥቂት ቀን ሸምኖ የሚያወርደው ጋቢ የአንዲት ሴት የብዙ ሳምንት ሌሊት አለበት። ክሩ ዋጋ ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ዋጋውን የከፈለችው ስለማትጠየቅና ስለማትናገር ነው። ሸማኔው እንኳ ቢሰደብም ስም ነበረው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ሲያወጡ፥ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን ከጸሐፊውና ከቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ጋር በአንድነት አንሥተዋል። ደብተራና ሸማኔ በአንድ ዐዋጅ ከስድብ መዳናቸውን እኔ ለሁለታችንም እንደ ክብር እቈጥረዋለሁ። ፈታይዋን ግን የሚሰድባትም የሚያመሰግናትም አልነበረም።

እንግዲህ ነጩ ክር በዚህ ዓይነት ከቤት ተገኘ። የቀለሙስ? ቢጫውን፥ ጥቁሩን፥ ቡናማውን በአገሩ ዕፅና አፈር ብዙ ሕዝብ ያገኘዋል። አስቸጋሪው ሰማያዊው ነበረ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ፥ በዐድዋ በኩል አልፎ ጎንደር ደርሶ፥ እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ በአገራችን ተቀምጧል። ይህ ሰው ስለ ዐድዋ ሲጽፍ፥ በዚያ የሚሸመነው ወፍራም የጥጥ ልብስ በአገሩ ሁሉ በብር ፈንታ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደ ነበረ ይናገራል። እንዲሁም የአገሩ ሰዎች ሰማያዊ ቀለም ማውጣት ስላልቻሉ፥ ከሕንድ አገር ከሱራት የመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ፥ ክሩን ከአገሩ ፈትል ጋር እያቀላቀሉ በመስመር በመስመር ይሸምኑት እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ይህ ምስክርነት ቆም ብለን እንድናስብበት የሚገባ ነው። አንድ ሙሉ ልብስ፥ በሕንድ አገር ተፈትሎ፥ ተነክሮ፥ ተሸምኖ፥ በመርከብ ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ፥ በግመልና በበቅሎ ተራራ ወጥቶ ዐድዋ ሲደርስ፥ ሸማኔው ተቀብሎ እንደ ገና ወደ ክርነቱ ይመልሰዋል። ለምን ይህን ያህል ደከመ ቢባል፥ ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ሰማያዊ ልብስ መልበስ የሚችል ባለጠጋ ጥቂት ነው፤ በነጩ ልብሱ ጫፍ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ሰማያዊ ጥለት የሚፈልግ ግን ብዙ ነው። አንዱን ሰማያዊ ጨርቅ ለአንድ ሰው ከማልበስ፥ ተርትሮ ለብዙ ሰው ጥለት ማድረግ ለሸማኔውም ለለባሹም ይረክሳል። በጥለቱ ያማረ ሸማ ለብሶ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደጀ ሰላም የቆመው ሕዝብ በጫፉ የያዘው ቀለም፥ አስቀድሞ ሌላ ጨርቅ የነበረ ክር ነው። ያን ጨርቅ የሸመነው ሂንዱ ይሁን እስላም፥ ያመጣው ነጋዴ ማን ይሁን፥ ማንም አልጠየቀም፤ እንዲህ ያለውን ሸማ ለብሶ ቅዱስ ቍርባን ከመቀበል የተከለከለም ሰው አልተሰማም።

የባዕድ ጨርቅ ወደ አገራችን መግባቱ በብሩስ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ1ኛው ምዕት ዓመት አንድ የግሪክ ቋንቋ የሚናገር ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር የመርከብ መንገድ የጻፈው መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከግብፅ የሚመጣ ልብስን፥ የሕንድን የጥጥ ጨርቅ፥ ላክ የተባለውንም ቀለም ይቈጥራል። አክሱማውያን ከዚህ ውስጥ የተረተሩት መኖሩን የሚነግረን ጽሑፍ የለንም፤ ሆኖም የቀለም ልብስና የቀለም ፍላጎት በእኛ ዘንድ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ከዚህ ይታወቃል።

ማተባችንም ቢሆን ከዚሁ ታሪክ አይወጣም። እኛ በቈሎ ተማሪነታችን ደበሎ ለባሾች ስለ ነበርን፥ ክርን የምናውቀው በማተባችን ነበር ማለት ይቻላል። ቀድሞ ማተብ ለብዙ ክርስቲያን ሰማያዊ የሐር ክር ነበረ፤ ሐር ደግሞ በአገራችን አይሠራም ነበርና ከባሕር ማዶ በነጋዴ እጅ ይመጣ ነበር። ክርስትናችንን ከሌላው የምንለይበት ምልክት ራሱ ከሩቅ አገር በመጣ ክር የተሠራ መሆኑን ማሰብ ያስደንቃል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ግን ዛሬ በአገራችን አናገኘውም። በ18ኛው ምዕት ዓመት በጎንደር የተሠራ፥ ነገሥታትና ካህናት የተሣሉበት የሐር መጋረጃ አንዱ ክፍል በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም፥ ሌላው በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ሙዚየም ይገኛል። የለንደኑ ከ1868 የመቅደላ ዘመቻ በኋላ የተወሰደ ነው። ይህ መጋረጃ የተሸመነው ቀዳዳ ባላቸው ብዙ ትንንሽ ገበታዎች ድሩን እያሳለፉ፥ ገበታዎቹንም እያዞሩ ነው፤ ሊቃውንቱ እንደሚሉት በዚህ ዓይነት ከተሠሩት የዓለም ሥራዎች ሁሉ በትልቅነቱ ወደር የለውም። ክሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ነው፤ እጁና ዕውቀቱ ግን የጎንደር ነው። የጎንደር ነገሥታት ሐሩን በክርነቱ ለማስመጣት አቅም ነበራቸው። አቅም ያልነበረው የዐድዋ ሸማኔ ደግሞ ጨርቅ ተረተረ። ሁለቱም የፈለጉት በአገሩ የሌለውን ቀለም ነበረ።

ይህ መላ የእኛ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የሌሎችን ታሪክ ልንገረው። በ79 የሞተው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ ከምሥራቅ ስለሚመጣው ሐር ሲጽፍ፥ የአገሩ ሴቶች የመጣውን ጨርቅ እየፈቱ እንደ ገና የመሸመን ድርብ ድካም አለባቸው ይላል፤ ይህ ሁሉ ድካም የሚደረገውም እመቤቶች ገላን የሚያሳይ ስስ ልብስ ለብሰው በአደባባይ እንዲታዩ ነው ብሎ ይቈጣል። የፕሊኒ ቍጣ ከአንዳንድ የዛሬ ሰባኪዎች ቍጣ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ በ18ኛው ምዕት ዓመት የአሻንቲ ንጉሥ ኦፖኩ ዋሬ ከአውሮፓ ነጋዴዎች ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን የሐር ጨርቅ አስገዝቶ፥ የአገሩ ሠራተኞች እየተረተሩ ክሩን ከጥጥ ጋር እንዲሸምኑት ማድረጉን፥ ሬመር የተባለው የዴንማርክ ነጋዴ በ1760 ባሳተመው መጽሐፍ ይተርካል። የአሻንቲ ሰዎች ዛሬ በዓለም የሚታወቁበት ኬንቴ የተባለው ባለብዙ ቀለም ልብስ ከዚህ ልማድ ብዙ ተጠቅሟል። በሰሜን አሜሪካም ናቫሆ የተባለው ሕዝብ በግ አርቢ ነበረና ነጩና ቡናማው ሱፍ ሞልቶት ነበረ፤ ሰማያዊውንም በንግድ በሚመጣው ቀለም ይነክር ነበር። የቸገረው ደማቁ ቀይ ነው። ስለዚህ በ19ኛው ምዕት ዓመት ባዬታ የሚባለውን ቀይ የሱፍ ጨርቅ ከነጋዴዎች እየገዛ ተርትሮ ከራሱ ሱፍ ጋር ሸመነው። ዛሬ እነዚያ ብርድ ልብሶች በየሙዚየሙ በክብር ተሰቅለው ይታያሉ። ለእኛ ሸማኔ የቸገረው ሰማያዊው፥ ለናቫሆው ሸማኔ የቸገረው ቀዩ፤ መላው ግን አንድ ነው። እነዚህ ሕዝቦች ተገናኝተው አልተማከሩም።

ከዚህ በኋላ የክር ታሪክ በእንግሊዝ አገር መልኩን ለወጠ። ሃርግሪቭስ በ1764 ገደማ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያዞር መሣሪያ ሠራ፤ አርክራይት በ1769 በውኃ ኀይል የሚፈትለውን ሞተር በስሙ አጸደቀ፤ ክሮምፕተንም በ1779 የሁለቱን ጥበብ አዋሕዶ ቀጭንና ጠንካራ ክር የሚያወጣውን አስገኘ። ዓለም ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በእንዝርት ሲፈትል ኖሮ፥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ክር ረከሰ። ሕንድም በ1854 በቦምባይ የመጀመሪያውን የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ለማቋቋም ተነሣች። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ የጅቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የፋብሪካ ፈትል በዚህ መንገድ ገበያችን ገባ። በኋላም ፋብሪካው ራሱ መጣ፤ የባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ሥራ ጀምሯል።

ሸማኔዎቻችን በዚህ ጊዜ ያደረጉትን ሳስብ አስተዋይነታቸውን አደንቃለሁ። የፋብሪካውን ክር ጠልተው አልተዉትም፥ የእጁንም ንቀው አልጣሉትም። ድሩ በመሸመኛው ላይ ተወጥሮ ስለሚሠራ ጠንካራና እኩል የሆነ ክር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ድሩን ከፋብሪካ ወሰዱ። ማጉ ግን ለልብሱ ልስላሴና ሙቀት የሚሰጥ ስለ ሆነ ከእንዝርት የመጣውን አስቀሩ። ዛሬም በሽሮ ሜዳ ጥሩ ጋቢ የሚመርጥ ሰው ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑን ጣቱን አሳልፎ ይፈትናል። ሆኖም በእንዝርት የምትፈትል ሴት በከተማ ከቀን ወደ ቀን እየጠፋች ነው። ይህ ከባድ ድካም መቅረቱ ለሴቶቹ ዕረፍት ነውና አላዝንበትም፤ የማዝነው ዕውቀቱ ሳይጻፍ መቅረቱን ነው።

አሁን ወደ ዳንቴል እንምጣ። ስሞቹ ራሳቸው አገራቸውን ይናገራሉ። «ዳንቴል» በፈረንሳይኛ ከጥርስ ስም የወጣ ሲሆን ትንሽ ጥርስ እንደ ማለት ነው፤ የጨርቁ ጫፍ ጥርስ ጥርስ ስለሚመስል ነው። «ኪሮሽ» የምንላትም መሣሪያ እንዲሁ ከፈረንሳይኛው የመንጠቆ ስም የመጣች ናት፤ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ጥበቡ በከተሞቻችን የተስፋፋው ፈረንሳይኛ ከሚናገሩ አስተማሪዎች ጋር መሆኑን ከቃሉ መረዳት ይቻላል። እቴጌ መነን በ1931 ያቋቋሙት የሴቶች ትምህርት ቤትም በመጀመሪያው ዘመኑ በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር።

ይህ የመንጠቆ ሥራ በአውሮፓ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የታወቀው በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው፤ የተስፋፋበትም አንደኛው ምክንያት ራብ ነበረ። በአየርላንድ በ1845 የድንች ሰብል በበሽታ ጠፋ፤ ከዚያም በኋላ በተከታተሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በራብና በበሽታ አለቀ። በዚህ መከራ ጊዜ በኮርክ ከተማ አጠገብ በብላክሮክ ገዳም ያሉት የኡርሱላ ደናግል ለድኾች ልጃገረዶች ይህን ሥራ አስተማሩ። በክሎንስ ከተማም የቄሱ ሚስት ካሳንድራ ሃንድ በ1847 ይህንኑ በማስተማር ብዙ ቤተ ሰብ ከሞት አትርፋለች። ልጃገረዶቹ የሠሩት ዳንቴል በለንደንና በሌሎች ታላላቅ ከተሞች ለባለጠጎች ተሸጠ። ነገሩ የተቻለው ግን ፋብሪካው የጥጥ ክርን ስላረከሰ ነው። መሸመኛ የለም፥ ሰፊ ቤት አያስፈልግም፤ አንዲት መንጠቆና ርካሽ የጥጥ ክር ብቻ ይበቃል። በራብ ዘመን መሬት የሌላት ልጅ የምትይዘው ነገር ቢኖር ይህ ነበረ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ርካሽ ክር የለመደው አገር ክር አጣ። በእንግሊዝ አገር ከሰኔ 1941 ጀምሮ እስከ 1949 ድረስ ልብስ በኩፖን ሆነ፤ የሹራብ ክርም እንዲሁ። መንግሥቱ በ1943 ያለውን አሳድሶ ስለ መጠቀም ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ እመቤቶችም ያረጀውን ሹራብ እየተረተሩ፥ ክሩን አጥበው ለልጆቻቸው አዲስ ሠሩ። የዓለም ባለጠጋ መንግሥት ሴቶችና የዐድዋ ሸማኔ በአንድ ትምህርት ቤት ተገናኙ ማለት ነው። ያውም የሹራቡ ከጨርቁ ይቀላል። ተቈርጦ የተሸጠ የተሸመነ ጨርቅ ሲተረተር የሚወጣው ክር አብዛኛውን ጊዜ ከጨርቁ ቁመት ወይም ወርድ አይበልጥም፤ ሹራብ ግን ከአንድ ክር ዐይን በዐይን ተያይዞ የተሠራ ስለ ሆነ ጫፉ ከተገኘ እንደ ወንዝ ሳይቋረጥ ይፈታል።

እንግዲህ ወደ ተነሣው ክርክር እንመለስ። የተቀደሰ ዕቃ ወደ ዓለማዊ አገልግሎት እንዳይመለስ ሥርዓታችን ይከለክላል፤ ይህ ልክ ነው፥ የሚከራከርበትም የለም። ዓለማዊው ወደ ተቀደሰው ሲቀርብ ግን መሥዋዕት ይባላል። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 38፥ ካህናቱ እጃቸውንና እግራቸውን የሚታጠቡበት የናስ ሰን የተሠራው ከሴቶች መስታወት መሆኑን ይነግረናል። መስታወት ሴት ፊትዋን የምታይበት፥ የምትኳልበት ዕቃ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ዓለማዊ ነገር ምን ይገኛል? እርሱ ቀልጦ የክህነት መታጠቢያ ሆነ። ደግሞም እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ከግብፃውያን ወርቅና ብር ብቻ ሳይሆን ልብስም መቀበላቸው ተጽፏል። በምድረ በዳ የጥጥ እርሻም የቀለም ጋንም አልነበረም። ለድንኳኑ መጋረጃ ሰማያዊውንና ቀዩን ክር ሴቶች ፈትለው ሲያቀርቡ፥ ከዚያ ከግብፃውያን ልብስ ተተርትሮ እንደ ገና የተፈተለ አልነበረበትም ብሎ ማን ይምላል? ይህ የእኔ ግምት ነው እንጂ የመተርጕማን ቃል አይደለም፤ ቢሆንም ከዘመኑ ችግር ጋር የሚስማማ ይመስለኛል። እመቤታችንም መልአኩ ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ አስማምታ ለቤተ መቅደስ ትፈትል ነበር ብለን የምናስተምር እኛው ነን። ሐሩ ከየት ነጋዴ ተገዛ፥ አስቀድሞ ማን ነክቶት ነበር ብሎ የጠየቀ ሊቅ አላየሁም፤ የምንናገረው ስለ ፈተለችው እጅ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት እናቶቹ ሥራቸውን ቢቀጥሉ ሥርዓት አይፈርስም። አባታችን አዲስ ካልሆነ ያሉት የልብሱ መልክና ንጽሕና ከሆነ፥ ያ ተገቢ ቃል ነው፤ የሻገተ፥ ብል የበላው፥ ቀለሙ የለቀቀ ክር ለአትሮንስ አይሁን። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ክሩ ከምን የተሠራ ነው የሚለው ነው። ከሰልባጅ ገበያ የሚገኘው ሹራብ ብዙው አክሪሊክ የሚባለው በፋብሪካ ከነዳጅ ዘይት ውጤት የሚሠራው ክር ነው። በአትሮንሱ አጠገብ ጧፍ ይበራል፥ ጽናው በፍም ተሞልቶ ያልፋል። ሱፍና ጥጥ ፍንጣሪ ሲነካቸው ጠቁረው ያራሉ፤ አክሪሊክ ግን ይቀልጣል፥ እየተንጠባጠበም ይነዳል፥ እጅ ላይ ቢያርፍ ይጣበቃል።

መለየቱ ቀላል ነው። ከሹራቡ ውስጥ ጣት የምታህል ክር ይቈርጧል፤ በጕጠት ይዘው ከደጅ በድንጋይ ላይ ያቃጥሏል። ሽታው የተቃጠለ ፀጕር ከሆነና አመዱ በጣት ሲነካ ከደቀቀ ሱፍ ነው። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና አመዱ ግራጫና ልም ከሆነ ጥጥ ነው። ተኰማትሮ እንደ ጠንካራ ዶቃ ከቀረ ግን ከነዳጅ የተሠራ ነውና ለሕፃናት ኮፍያና ለቤት ዕቃ ልብስ ይዋል፥ ወደ አትሮንሱ አይቅረብ። ስፌቱንም አስቀድሞ ማየት ነው፤ ጎኑ ተቈርጦ በመኪና የተሰፋ ሹራብ ሲተረተር ክሩ ቍርጥራጭ ይሆናልና ጎኑ በእጅ ክር የተያያዘውን መምረጥ ይሻላል። ከተተረተረ በኋላ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልሎ በአራት ቦታ ማሰር፥ በለብታ ውኃ ማጠብ፥ ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥሎ በጥላ ማድረቅ ነው። ሲደርቅ ጥቅልሉ ይቃናል፤ እንግዲህ በልቃቂት ተጠቅልሎ ለኪሮሹ ይደርሳል።